ጸጥ ያለው ሞተርና የኔ መግደርደር

ድምፅ የሌለው የመርከብ ሞተር እየሠራን ነው ብዬ ለአጎቴ የነገርኳቸው ዕለት እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁብኝ።

«ድምፅ የሌለው ሞተር? እሱማ የተበላሸ ሞተር ነው! የተበላሸማ እኛም ምጽዋ ላይ ሞልቶን ነበር» አሉ።

መሳቃቸው አልገረመኝም። አጎቴ የዕድሜያቸውን ግማሽ ያሳለፉት በባሕር ኃይል መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ዲዝል ሞተር አጠገብ ነው። እዚያ ሰው የሚነጋገረው በእጅ ምልክት ነበር ይሉኛል፤ ጆሮ ላይ ቢጮኹ እንኳ አይሰማም። ግራ ጆሯቸውን ሞተሩ ጨርሶ በልቶታል። ቀኙም ቢሆን ሲያፏጭ ነው የሚውለው። ስለዚህ ሁልጊዜ በቀኛቸው ነበር የምቀመጠው። ከግራ በኩል የሚመጣ ሰላምታ ስለማይመልሱ በምንኖርበት የቶሮንቶ ሰፈር፣ ፓርክዴል ውስጥ፣ ኩሩ ሰው ናቸው እየተባለ ይወራባቸው ነበር። እሳቸውም ወሬውን ሲሰሙ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነበር። ቶሮንቶ ቀድመውኝ የገቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔን ከካርቱም ያስመጡኝም እሳቸው። መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በጠባብ የመስታወት ቤት ተቀምጠው ቲኬት ይቆርጣሉ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ተምሬ ስለነበር፣ ብዙ በር ካንኳኳሁ በኋላ ከጄን ኤንድ ፊንች እልፍ ብሎ፣ በፋብሪካዎች መካከል ያለ አንድ ትንሽ ላብራቶሪ በቴክኒሽያንነት ቀጠረኝ። በአንድ በኩል ዳቦ መጋገሪያ፣ በሌላ በኩል የጎማ መጋዘን ይዋሰነዋል። ጠዋት ጠዋት ላብራቶሪያችን ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ ከሰዓት በኋላ ጎማ ጎማ።

የምንሠራው ፊውል ሴል ነበር። ምን እንደሆነ ለአጎቴ እራት ላይ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝማ። በአንድ በኩል ሃይድሮጅን ይገባል፤ በሌላ በኩል ኦክስጅን። መሀላቸው እንደ ፌስታል የሳሳ ሽፋን አለ። ሁለቱ በዚያ ሽፋን በኩል ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ይወጣል። እሳት የለም፤ ፒስተን የለም፤ ጭስ የለም።»

«ታዲያ በጭስ ማውጫው ምን ይወጣል?»

«ውኃ።»

«የምን ውኃ?»

«የሚጠጣ ውኃ።»

አጎቴ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች እያሾፉብሽ እንዳይሆን» አሉ።

እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ገና በተቀጠርኩ ሰሞን መዳፍ የምታክል ትንሽ ሴል አጠገብ አቆሙኝ። ሁለት የጋዝ ቱቦ፣ ሁለት ሽቦ፣ በሽቦው ጫፍ አንዲት ሚጢጢ አምፖል። አለቃዬ ጋዙን ከፈቱ። አምፖሏ በራች። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም። በእጄ ነካሁት፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አይንቀጠቀጥም። ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጬ፣ ተፈትኜበት የረሳሁት ቀመር ፊቴ ቆሞ ብርሃን ሲሰጥ! ጮቤ ረገጥኩ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ልንገረው ልንገረው አለኝ። አንዲት አሮጊት ፈገግታዬን አይታ ጠጋ አለችልኝና፣ ያገባሁ መስሏት ነው መሰለኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። አመሰገንኳት።

ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው የካናዳ ባሕር ኃይል ነበር። ምክንያቱን አለቃዬ በአጭሩ ነው የነገሩኝ። የዲዝል ድምፅ ውኃ ውስጥ ሩቅ ይጓዛል፤ ባሕር ላይ ደግሞ የሚሰማህ ሁሉ ያገኝሃል። ሞተሩ ዝም ያለ መርከብ ግን የት እንዳለ ማን ያውቃል? አለቃዬ ቀጭን፣ ሸበቶ፣ ሳንድዊች ቆመው የሚበሉ ሰው ነበሩ። በስሜ ጥሪኝ ቢሉኝም ምላሴ እምቢ ስላለኝ «ዶክተር» እያልኩ ቀረሁ። በእንግሊዝኛ ሁሉም ሰው «ዩ» ነው፤ በልቤ ግን አንቱ ነበር የምላቸው።

አሁን ወደ ቤታችን ሕግ ልምጣ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። አጎቴ ዘንድ፣ ሰው ሲሰጥ እጅ አይዘረጋም። መጀመሪያ «አይ፣ ይቅርብኝ» ይባላል። ሰጪው ሲደግም «ኧረ አሁን ነው የበላሁት» ይባላል። በሦስተኛው፣ ሰጪው «በሞቴ» ሲል፣ እያቅማሙ «እንግዲህ እምቢ አልልም» ተብሎ ይወሰዳል። በመጀመሪያው የተቀበለ ሆዳም ነው፤ ሦስቴ ያልለመነም ቢሰጥም እንዳልሰጠ ነው። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው።

በክረምቱ በራችንን አንኳኩታ የዝንጅብል ኬክ ይዛልን የመጣች ጎረቤት ነበረች፤ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ፀጉር ቤት የምትሠራ ጃማይካዊት። አጎቴ በሩን ከፍተው፣ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ በጣም አክብረው፣ «ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ አሁን ነው የበላነው» አሏት። ሴትዮዋ «ኦኬ ዳርሊንግ» ብላ ኬኳን ይዛ ተመለሰች። አጎቴ በሩን ሳይዘጉ ቆሙ። ዞራ እስክትመጣ እየጠበቁ ነበር። አልመጣችም። ከሰዓቱን ሙሉ የኬኩ ሽታ በኮሪደሩ ሲመጣብን ዋለ፤ አጎቴም «ምን ዓይነት አሰጣጥ ነው?» እያሉ ሲቆጡ ዋሉ። እኔ ያን ጊዜ ስቄባቸዋለሁ። ሳቄ ብዙ አልቆየም።

በጋው ሲገባ ትልቁ ሞተር ሊያልቅ ደረሰ። ሴሎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው፣ ዳርና ዳሩ በረጃጅም ቡሎኖች ተጠፍሮ፣ ቁመቱ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ቁልል ሆኗል። ቡሎኖቹን የማጥበቅ ሥራ የኔ ነበር። በተርታ አይጠበቅም፤ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ በማዶ ያለውን ትንሽ፣ እየተመላለሱ ነው። አንዱን ካበዙበት የካርቦን ሰሌዳው ቋ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ላልቶ ከቀረ ጋዝ ያመልጣል። ከዚያ በብሩሽ የሳሙና ውኃ እየቀባሁ ዙሪያውን እፈትሻለሁ። የሚያመልጥ ካለ ሳሙናው አረፋ ይነፋል። አረፋ የሌለበት ቀን ለኔ በዓል ነው። ከዚያ ቁልል ቡሎኖች አንድም የማላውቀው አልነበረም፤ ልጄ እስኪመስለኝ ወድጄዋለሁ። ይሄን የምለው ሳላፍር ነው።

አንድ ጠዋት አለቃዬ ሁላችንንም ሰበሰቡ። የባሕር ኃይል መኮንኖች ሊያዩት ሊመጡ ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሳው በፊታቸው ነው። አንድ ሰው መቆጣጠሪያ ፓነሉ ፊት ቆሞ ያስነሳዋል፣ ያስረዳቸዋል።

ወደኔ ዞሩ። «አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ» አሉ።

 በዚያች ደቂቃ ከዓለም ላይ የምፈልገው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። አፌን ከፈትኩ። አፌ ምን አለ?

«አይ አይ፣ እኔ ምን እችላለሁ? ከኔ የተሻለ ሰው ሞልቶ።»

ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ሁለተኛውን መጠበቅ ጀመርኩ። ለሁለተኛው የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ለሦስተኛው የምለውን «እንግዲህ ካላችሁ» ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

አለቃዬ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይገባኛል። አላስገድድሽም» አሉና ወደ ባልደረባዬ ዞሩ። ባልደረባዬ ከኒውፋውንድላንድ የመጣ፣ ቀይ ጢም ያለው፣ ረጅም ኢንጂነር ነው። «አንተስ?»

«በደስታ!» አለ።

በደስታ! አንዴ እንኳ አይ ሳይል! ፊቱ ቀላ አላለም፤ አላቅማማም፤ ቡናውን ፉት እያለ ተቀበለ። እኔ ዓይኔ እያየ ሞተሬ ሄደ። ያን ቀን ሙሉ ብሩሹን ይዤ አረፋ ስፈልግ ዋልኩ፤ አረፋ የሚነፋው ግን በውስጤ ነበር። እርር ድብን አልኩ።

ቤት ገብቼ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ማንኛውም አጎት እንደሚያደርገው፣ በመጀመሪያ አለቃዬን ነው የወቀሱት።

«ስንቴ ጠየቁሽ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ?»

«አንዴ ብቻ ጋሼ።»

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ዶክተር ነው የምትያቸው አይደል? አንዴ ጠይቆ ዞር! ሰው እንዲህ ይናቃል?»

ሁለታችንም በጣም ተናደድን። እንደ ተናደድን እራት በላን። ጥቂት ቆይተው ግን አጎቴ መብላታቸውን ተዉ፤ ወደ በሩ ተመለከቱ።

«የኬኩ ነገር ነው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ያቺ ሴትዮ። ኬኩን ይዛ የሄደችው። ንቃኝ አይደለም እኮ። አይ ስላት፣ አይ ማለቴ መሰላት።» አጎቴ ይሄን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የመገረም ነገር ነበር፤ ለካ ከክረምቱ ጀምሮ ሲያብላሉት ኖረዋል። «እነዚህ ሰዎች የምንለውን ያምኑናል። ሂጂና እፈልጋለሁ በያቸው።»

«ጋሼ! ስግብግብ እኮ ነው የምመስለው!»

«ምሰያ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደኔ ሳይሆን ፊታቸውን ወደኔ አድርገው፣ እንዲህ አሉኝ፦ «ይሄ ሞተር የሚባል ነገር ጆሮዬን በልቶታል። ጓደኞቼንም እንደዚያው። የሥጋ ዘመዴ ያስነሳችው ሞተር፣ የማንንም ጆሮ ሳይበላ ሲሠራ፣ እሱን ሰምቼ ልሙት። ገባሽ?»

ገባኝ። ከዚያ በኋላ ፓነሉ ፊት መቆም የኔ ምኞት ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ ከፓርክዴል እስከ ላብራቶሪው ድረስ፣ ስትሪትካር ላይም፣ ሰብዌይ ውስጥም፣ ባስ ላይም፣ «እፈልጋለሁ» የምትለዋን ቃል በእንግሊዝኛ ስለማመድ ሄድኩ። ቀላል ቃል ናት አይደል? እኔ ግን ሰው መሀል ቆሞ ልብስ እንደ ማውለቅ ነበር የከበደኝ። ደርሼ አለቃዬን ሳንድዊች ሲበሉ አገኘኋቸው።

«ዶክተር፣ ትናንት አይ ያልኩት አይ ማለቴ አልነበረም» አልኳቸው።

ማኘካቸውን አቆሙ። ሕጉን በሙሉ ነገርኳቸው፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን አዲስ ጋዝ ያገኙ ያህል ዓይናቸው በራ።

«ሰውዬው በእውነት የማይፈልግ ከሆነስ?»

«ያኔም አይ ነው የሚለው።»

«ታዲያ በምን ይለያል?»

«ያስታውቃል።»

«በምን ያስታውቃል?»

«እንዲሁ ያስታውቃላ!» አልኩ። ይሄን የሚያህል ነገር የማያውቁ ሰው እንዴት ዶክተር ሆኑ ብዬ ልናደድ ምንም አልቀረኝም።

ሳቁ፤ ግን ወዲያው አዘኑ። ሥራውን ለባልደረባዬ ሰጥተዋል፤ እሱም እየተዘጋጀ ነው። ዝም ብሎ መንጠቅ ደግ አይደለም። «ሂጂና ራስሽ ጠይቂው። እሱ ከተስማማ እኔ ደስታዬ ነው» አሉኝ።

ሄድኩ። ባልደረባዬ ቱቦ እየገጠመ ነበር። የፈለግሁትን ነገርኩት፤ ይሄንን እንኳ ደህና አድርጌ ነው የነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ያ ደግ ልጅ፣ አንድ ሰከንድ ሳያስብ፣ «ፈልገሽው ነው? ውሰጂው!» አለኝ።

ያኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ኧረ አይሆንም፤ አንተ ተዘጋጅተህበታል።»

አፌን በቆረጠው! ሰው በልግስና ሲሰጠኝ ምላሴ ከኔ ቀድሞ ሄደ። ልጁም ትከሻውን ነቅንቆ «ኦኬ፣ እንዳልሽ» ብሎ ወደ ቱቦው ተመለሰ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ እያየሁ፣ መጀመሪያ ሰደብኳት፤ ከዚያ ሳቅ መጣብኝ፤ ከዚያ እንባ። ማታ ለአጎቴ ስነግራቸው ግንባራቸውን ያዙ። «ልጄ፣ አንቺስ ከኔም ባስሽ» አሉኝ።

ቀኑ ደረሰ። ላብራቶሪውን ጠርገን፣ አጥበን፣ ሞተሩን እንደ ሙሽራ ወልውለን ጠበቅን። ጥርት ያለ ፀሐያማ ቀን ነበር፤ ከዳቦ መጋገሪያው የሚመጣው ሽታ ያን ቀን ለየት ብሎ ይጣራል። መኮንኖቹ ነጭ ለብሰው ገቡ። መሪያቸው በዕድሜ የገፉ፣ ግዙፍ፣ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል አዛዥ የነበሩ ሰው ናቸው። አለቃዬ ከግራ በኩል ሲያናግሯቸው መኮንኑ አልመለሱም። ከዚያ መላ አካላታቸውን አዙረው ቀኝ ጆሯቸውን ሰጡ። ያን አዟዟር በደንብ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ እራት ላይ የማየው ነው። 

ባልደረባዬ ፓነሉ ፊት ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ አለቃዬ እጃቸውን አነሱና ወደኔ፣ ግድግዳ ተደግፌ ወደቆምኩት፣ ዞሩ።

«ብታስነሺልን ደስ ይለኛል» አሉ።

መኮንኖቹ በሙሉ አዩኝ። ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ ሞቀኝ። ምላሴም ያው ምላሴ ነው፦ «አይ…» አልኩ።

አለቃዬ ንቅንቅ አላሉም። ሰውን አንዴ እንጂ ሁለቴ ጠይቀው የማያውቁት ሰው፣ በዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ ፊት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «እባክሽ» አሉኝ። እጅ ደረት ላይ የሚደረገውን አላስተማርኳቸውም ነበር፤ ከኔው አይተው መሆን አለበት። ዞር ስል ባልደረባዬ ከፓነሉ ዘወር ብሎ ቦታውን ለቆልኛል። ቀይ ጢሙ ውስጥ ሳቁን እየዋጠ ሦስተኛውን ሊለምን አፉን ሲከፍት አየሁት። ለካ መክረውብኛል።

ሦስተኛው አላስፈለገም።

«እሺ! እፈልጋለሁ! እኔ ነኝ የማስነሳው!» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኾ ወጣ፤ አንዱ ወጣት መኮንን ደንገጥ ብሎ ኮፍያውን ያዘ።

ፓነሉ ፊት ቆምኩ።  ቱቦዎቹን በናይትሮጅን አጠብኩ። ሃይድሮጅኑን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፤ ከዚያ ኦክስጅኑን። የቮልት መለኪያው ቀስት ከተኛበት ተነስቶ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ ከምንፈልገው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ማብሪያውን ተጫንኩ። በግድግዳው ሙሉ የደረደርናቸው ትልልቅ አምፖሎች ባንዴ ቦግ አሉ! ላብራቶሪው በብርሃን ተሞላ። ጩኸት አልመጣም። ቡሎኖቼ ሁሉ በየቦታቸው ዝም ብለው ቆመዋል። ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ ነው፤ አንዲት ትንሽ መርከብ የሚያንቀሳቅስ ኃይል ፊታችን ቆሞ እየሠራ ነው፤ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር። ልጮህ፣ ልዘል፣ እልል ልል ነበር። ማስረዳት ስላለብኝ አስረዳሁ።

ጥቂት እንደተናገርኩ ሽማግሌው መኮንን እጃቸውን አነሱ። «ይቅርታ፤ ሞተሩ የሚነሳው መቼ ነው?»

«ተነስቷል ጌታዬ» አልኳቸው። «ቅድም ነው የተነሳው።»

አምፖሎቹን አዩ። ቁልሉን አዩ። ቀረብ ብለው መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳረፉ፤ ሐኪም ሕፃን ደረት ላይ እንደሚያደርገው። ከዚያ ያን ሁሉ ቁመት አጥፈው ጎንበስ አሉና ቀኝ ጆሯቸውን አስጠጉ። ረጅም ጊዜ እንዲያው ቆዩ።  ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር።

«የጆሮዬ ፉጨት ይሰማኛል» አሉ። «ሞተር አጠገብ ቆሜ ፉጨቴን ስሰማ ዛሬ ገና ነው።»

ሌሎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሊሄዱ ሲሉ አለቃዬ በሞተሩ ሥር ካለው ጠርሙስ የተጠራቀመውን ውኃ በብርጭቆ ቀድተው ለመኮንኖቹ አስቀመሱ። ለኔም ሰጡኝ። እጄ ሳላዘው ሄዶ ተቀበለ። የቀረውን፣ ፈቃድ ጠይቄ፣ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ ከቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። ፈቃድ የጠየቅሁትም በቀጥታ ነው፦ «እፈልጋለሁ፤ ለአጎቴ ነው» ብዬ።

ያን ቀን ስትሪትካሩ የሚሄድ አልመስል አለኝ። ጠርሙሱን በሁለት እጄ ታቅፌ፣ በየፌርማታው ሰው ሲወርድ ሲወጣ አንጀቴ ተቃጠለ። ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አጎቴ ከሥራ ገብተው፣ የመኪና ማቆሚያውን ዩኒፎርም እንደለበሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። እንዳልጠይቃት ብለው ነው መሰለኝ ጋዜጣ ይዘው ነበር፤ ጋዜጣው ተዘቅዝቋል።

«ማን አስነሳው?» አሉ ጋዜጣውን ሳያወርዱ።

«እኔ።»

ጋዜጣው ወረደ። በቀኛቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀስቱን፣ አምፖሎቹን፣ የግድግዳውን ሰዓት። የመኮንኑን ጆሮ ስነግራቸው «እህ» አሉ፤ «ደግመሽ ንገሪኝ» አሉ። ደግሜ ነገርኳቸው። «ፉጨቴን ሰማሁት አሉ?» «አዎ ጋሼ።» «ሞተር አጠገብ ቆመው?» «ጆሯቸውን ለጥፈውበት።» አጎቴ በእጃቸው የግራ ጆሯቸውን ያዙ።

ጠርሙሱን አወጣሁ። ብርጭቆ አመጣሁና ቀዳሁ። ውኃው ጥርት ያለ፣ ምንም የማይል፣ ማንም ከቧንቧ የቀዳው ቢመስለው የማይፈረድበት ውኃ ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ተነሳሁ። አይ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የማውቃቸውን ያህል። «አንቺ ጠጪው» እንደሚሉኝ፣ ሁለተኛም «አሁን ነው ሻይ የጠጣሁት» እንደሚሉኝ። ሦስቴ ለመለመን፣ «በሞቴ» ለማለት፣ ተዘጋጅቼ ነው የተነሳሁት።

«ጋሼ፣ ከሞተሩ…» ከማለቴ እጃቸው መጣ። ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱት። አላቅማሙም፤ ወደ ደረታቸው የሄደ እጅም አልነበረም። ሳያቋርጡ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡት። አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ብርጭቆውን መልሰው ወደኔ ዘረጉት።

«ጨምሪልኝ» አሉ።